ያቺ መስመር

እማማ ፈቲያ የገዛ ደብዳቤያቸውን እንደ ሰው ዕቃ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነኩት። ድሮ የአንድ እንግሊዛዊ ገጣሚ ወጥ ሠሪ ነበሩ። አገሩ ከገባ በኋላ የላከላቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ፣ ፒያሳ ያለው ቤታቸው ሲፈርስ፣ አምስት ኪሎ ላለው ቤተ መጻሕፍት ሰጡ። ዛሬ ከኮንዶሚኒየም ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡት አንዲት መስመር ለመስማት ነው።

«መጨረሻው ላይ ናት» አሏት የሰነድ ክፍሏን ሠራተኛ ሜላትን። «‹ካንቺ እጅ በቀር ምንም አይጥመኝም፤ አንቺ የሌለሽበት ቤት ይጨንቀኛል› የምትለዋ። የሚያነብልኝ ባለቤቴ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።»

ሜላት አነበበች። ገጣሚው ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስላለቀበት በርበሬ ጽፎ ፈርሟል። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አገላበጠች። ያቺ መስመር አንዱም ላይ የለችም።

«እማማ፣ ባለቤትዎ እንዲህ ያለ ነገር ይሉዎት ነበር?»

«እሱ? አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ‹ጨው በዛ› ከማለት ሌላ ምን ያውቃል!»

ሜላት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፈረንጁ ይህን አልጻፈም፣ እማማ። የትኛውም ላይ የለም።»

እማማ ፈቲያ ወረቀቱን ወደ ሜላት መልሰው ገፉትና ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

«ባነበበልኝ ቁጥር እኮ እጄን ዘርግቼ ለፈረንጁ ዱዓ አደርግ ነበር» አሉ። «እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አሚን ይል ነበር።»