እርጥበት ፍለጋ

ድሬዳዋ ላይ ለእባብ እርጥበት መፈለግ ከድንጋይ ወተት እንደ ማለብ ነው። ሰውዬው ግን ምን ያድርግ፤ እባቡ ወዳጁ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ “አደራህን” ብሎ የተወለት ነው። አየሩ ከደረቀ እባቡ ቆዳውን መለወጥ ያቅተዋል፤ አሮጌው ቆዳም ዓይኑ ላይ ተጣብቆ ሊያሳውረው ይችላል። ስለዚህ በየማለዳው ጸሎቱን እያደረሰ አልጋው ሥር ያለውን ሣጥን፣ ወለሉንም ግድግዳውንም ውሃ ይረጫል።

አከራዩ እትዬ አመለወርቅ ይህን በመስኮት አዩት። እሳቸው እንኳን እባብ እንሽላሊት ሲያዩ ሰፈር የሚያስነሡ ሴት ናቸው፤ ቢያውቁ በዚያው ቀን ከነሣጥኑ ያስወጡታል።

“ጠበል ትረጫለህ ለካ! እኔን ምነው ረሳኸኝ?” አሉት።

ዝም ማለት ከውሸት አይቆጠርም ብሎ ራሱን አጽናንቶ ረጫቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ይመጣሉ፤ እሱም ፈጣሪውን በልቡ ይቅርታ እየጠየቀ ይረጫቸዋል።

አንድ ማለዳ ሣጥኑን ባዶ አገኘው። አልጋው ሥር ተንበርክኮ ሲርበተበት እትዬ ከተፍ አሉ።

“ምን ጠፋብህ?”

“ካልሲ ነው፣ እትዬ።”

“ካልሲህማ እኔ ቤት የውሃው ጋን ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቆዳውን ከራስ እስከ ጅራቱ ሙልጭ አድርጎ አውልቆ፣ ዓይኑ መስተዋት መስሏል። መጀመሪያ ልጮህ ነበር፤ ግን ያስቸገረኝን አይጥ ሲውጥልኝ አይቼ ተውኩት።”

ሰውዬው ከተንበረከከበት ሳይነሣ ቀና ብሎ አያቸው።

“ያንተ ክፍል ይደርቅበታል” አሉት። “ከእንግዲህ እኔ ጋ ይኖራል፤ አንተ እየመጣህ ትጠይቀዋለህ።”