ፊሽካው ሲነፋ

ሰፈሩ ሞቶ ነበር። ሱቆቹ በጠራራ ፀሐይ እየተዘረፉ ተዘግተዋል፤ ገበያተኛም በዚያ ማለፍ ትቷል። የነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር መንገዱን አስጠረገ፣ በሮቹን ሁሉ ሰማያዊ አስቀባ፣ ለየአባሉ ፊሽካ አደለ። ደንቡ አጭር ነው፦ የተዘረፈ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ ተቀብሎ እየነፋ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ የሚሮጠውን ይመታል።

ሁለት ሌቦች እግራቸው ተሰበረ። ሌባ ጠፋ፣ ገበያው ደራ፤ ለዓመታት ባዶ የከረሙት ሱቆች እንኳ ተከራይ አገኙ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መንገዱ በፊሽካ ተናወጠ። ሊቀመንበሩ ፌሮ ብረቱን አንሥቶ ወጣ። ሱፍ የለበሰ፣ ከባድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ረጋ ብሎ በበራፉ ሲያልፍ አየና፣ «ወደ ዳር ጠጋ ይበሉ ጌታዬ፣ እንዳንመታዎት» ብሎ አሳለፈው። ከኋላው አንድ የማያውቀው ወጣት እየበረረ መጣ።

«ያዙት! እንዳያመልጥ!» ብላ ጮኸች ፀጉር ሠሪዋ ውድነሽ።

ሊቀመንበሩ ለመያዝ አልሞከረም። ብረቱን ጉልበቱ ላይ አሳረፈበት። ወጣቱ በግንባሩ ተደፋ። ዳቦ ጋጋሪው ፍልጥ፣ ውድነሽ ድንጋይ ይዘው ደረሱ።

«ድገመው! ማን ሰፈር መስሎት ነው!» አለች ውድነሽ።

እጁ መንፈራገጡን እስኪያቆም መቱት።

«ምን ዓይነቱ ነው? አንዴ እንኳ አፉን አልከፈተም እኮ» አለ ዳቦ ጋጋሪው እያለከለከ።

ሊቀመንበሩ በእግሩ ገለበጠው። ወጣቱ ፊሽካ በጥርሱ ነክሷል፤ ሊቀመንበሩ ጠዋት ለአዲሱ ተከራይ በሰፈሩ ዘበኛ እጅ የላከለትን።