የበለሱ ጠርሙሶች

አለቃው መደርደሪያው ለአበባ ችግኝ እንደሚፈለግ ተናገረ። የበለሱ ጠርሙሶች እስከ ወሩ መጨረሻ ሥር ካላወጡ ይደፋሉ።

"እኔንም አብረው ይድፉኝ" አለችው በለሱን የምታበቅለው ሠራተኛ።

የቤተ ሙከራው ሰው እልኸኛዋ የሚላት በከንቱ አልነበረም። የእናቷ በለስ በበሽታ ደርቆ ተቆርጧል፤ የቀረው እሷ ከቅጠሉ ቆርጣ በጠርሙስ ያበቀለችው ብቻ ነው። ቁራጮቹ መጀመሪያ እንደ ሊጥ አበጡ፣ ቀጥለው ለምለም ቀንበጥ ሰጡ። ለሥር የሚሆን ምግብ ወዳለበት አዲስ ጠርሙስ ብታዛውራቸውም ሥር ማውጣት ግን እምቢ አሉ። እናቷ በደወሉ ቁጥር "ልጄ፣ በለሴ ከምን ደረሰ?" ይሏታል፤ እሷም "ሊደርስ ነው" ትላለች። ውሸቷን ነበር።

ስለዚህ ዓይኗን ከጠርሙሶቹ ላይ አልነቀለችም። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትገባለች፣ እጇን በአልኮል ታሻለች፣ ክዳን እየከፈተች ቀንበጡን በመቆንጠጫ ብድግ አድርጋ ግርጌውን ታያለች። ምንም የለም። መልሳ ትተክለዋለች።

ከዚያ ጠርሙስ መጥፋት ጀመረ። ከቀሩትም በአንዳንዱ ላይ ሻጋታ ወጣ።

ጥርጣሬዋ አጠገቧ በሚሠራው ባልደረባዋ ላይ አረፈ። የአበባው ሥራ የሱ ነው፤ መደርደሪያው ቢለቀቅ የሚጠቀመው እሱ ነው። አንድ ቀን ከጋዋኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሸጉጦ ወደ ዕቃ ክፍል ሲገባ አየችው። ምን እንደያዘ ብትጠይቀው "ሥራሽን ሥሪ" ብሏት አለፈ። ደሟ ፈላ። የእናቴን ዛፍ የነካ የእጁን ያገኛታል ስትል ለራሷ ዛተች።

በመጨረሻው ቀን መደርደሪያው ላይ የቀረው ሁሉ ሻግቶ ጠበቃት። አለቃው መጣ፣ ባልደረባዋም ተከተለ። አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋች።

"የእናቴ በለስ አልሞተም፣ ተሰርቋል። ዕቃ ክፍሉ ሳይፈተሽ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

ባልደረባዋ በጎኗ አልፎ ሄደ፤ የጠፉትን ጠርሙሶች በትሪ ደርድሮ ተመለሰ። ክዳናቸው ማንም እንዳይከፍተው ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። የተጻፈባቸው የእሷ ስም ነው። በእያንዳንዱ ግርጌ ነጭ ሥር ተጠምጥሟል።

አለቃው አንዴ ጠርሙሶቹን፣ አንዴ ሰውየውን እያየ "ታዲያ ለምን ከኔ ደበቅካቸው?" ሲል ጠየቀ።

"ከርስዎ አይደለም" አለ ባልደረባዋ፤ "ከእሷ ነው።"