አፈር ስሆን

አቻምየለሽ ባሏን የምትለምንባት አንዲት ቃል ነበረቻት፤ «አፈር ስሆን» የምትል። ማዕድ ሲቀርብ «አፈር ስሆን፣ ትንሽ ይቅመሱ» ትለዋለች፤ ቀበቶውን ፈቶ ሲመጣባትም ያችኑ። እሱ ግን ሰምቷት አያውቅም።

ሃምሳ አለቃ እጅጉ ባሕር ማዶ ዘምቶ ብረት ለበስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ቡሬ ከተመለሰ ወዲህ ያንኑ ብረት ለበስ አሳንሶ ከዘይት ቆርቆሮ ሠራው፤ ጎማዎቹ የጠርሙስ ቆርኪ ናቸው። ዛሬ ደግሞ አቻምየለሽ የደጃፉን አፈር በጭድ አቡክታ ሰጠችውና የዘመተበትን መንደር፣ መንገዱን፣ መንገዱ ላይም የወደቀች አንዲት ሴት አበጀ።

«ይህችማ ምን አጠፋች? አፈር ስሆን፣ ያንሷት» አለች ከኋላው ቆማ።

«ያኔም የሚያነሳት አልነበረም» አለና ብረት ለበሱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ በሴቲቱ ላይ ነዳው።

አጥንት ሲደቅቅ ሰማ። ጭቃው ከእጁ ሥር ሞቀ፤ ጣቱን ቢያነሳው ደም ነው።

«አፈር ስሆን» አለ የአቻምየለሽ ድምፅ፣ ከጎማው ሥር።

እጅጉ ወደ ኋላው ዞረ። ሚስቱ ቆማበት በነበረው ቦታ፣ የአፈር ቁልል ነጠላዋን ተከናንቦ ቆሟል።