ድንኳኑ ለዕቃ ነበር

ቤቱ ሊታደስ ነው፤ ጣሪያው ይቀየራል፣ ወለሉም ሴራሚክ ይሆናል። ሠራተኞቹ በማግስቱ ስለሚመጡ ባልየው ዕቃውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት የዕድር ድንኳን ተውሶ ግቢው ውስጥ ተከለ። ለምን እንደፈለገው ለጎረቤት መንገር ግን ትዝ አላለውም። ሶፋው ገባ፣ ቁም ሳጥኑ ገባ፤ በመጨረሻም አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ወር የሆናቸው አማቱ፣ እማማ ትርንጎ፣ ከነፍራሻቸው ገብተው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጋደም አሉ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ድንኳኑን ሞሉት።

«ትርንጎ እናቴ!» አለች አንዷ ደረቷን እየደቃች። «ደጓ እናቴ፣ የሰው ስም በክፉ አንስተሽ የማታውቂ!»

ይህን ስትል ሌሎቹ ለአፍታ ለቅሷቸውን አቁመው ተያዩ።

 የባልየው ሚስት ነገሩን ልታስረዳ ስትነሳ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የወጣ እጅ ቀሚሷን ጨምድዶ ያዛት።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አሉ እማማ ትርንጎ በሹክሹክታ። «አስካለ ገና አልመጣችም። አምስት ዓመት ሙሉ አኩርፋኝ፣ ዛሬ ምን ብላ እንደምታለቅስ ልስማ እንጂ።»