ሻንሲ የሌላት ፔጆ

መኪናዋ መሃሏ ላይ ስትሰምጥ በዓይኔ አያለሁ። መካኒኩ ፈየራ ከበሯ ስር ያለውን የዛገ ላሜራ በግራይንደር እየቆረጠ ጫፉ ላይ ሲደርስ "ቃ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። በሩ ተነቅሎ የቀረው ክፍት ቦታ ከላይ በኩል እየጠበበ ይመጣል።

"ያ ዋቃ!" ይላል ፈየራ። ግራይንደሩን ጥሎ ክሪኩን ከሆዷ ስር ይከታል። "አዴ ንጋት፣ እጀታውን ይያዙልኝ! ይጫኑ! ደግመው ይጫኑ!"

እጫናለሁ። ክሪኩ ያነሳትና ዘይቱን እያንጠባጠበ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ደግሜ እጫናለሁ። ጠመኔ ብቻ ሲያነሳ የኖረ ክንድ ነው ያለኝ፣ ከአሁኑ ዝሏል።

"ምን ሆነች?"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት።" ፈየራ ጥፋቱን አይደብቅም፣ ይሄን እወድለታለሁ። "ዕድሜ ልኬን የሠራሁት አይሱዙና ፒክአፕ ነው። እነሱ ሻንሲ አላቸው፣ ላሜራቸው ቢቆረጥም ሻንሲው ይሸከማቸዋል። ይቺ ግን የላትም፣ የሚሸከማት የገዛ አካሏ ነው። ከመቁረጤ በፊት እዚህ በሩ ጋ ቱቦላሬ ብረት በይጄ መወጠር ነበረብኝ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ይቻላል። እርስዎ ክሪኩን እየጫኑ ከፍታዋን ይጠብቁልኝ፣ እኔ ቱቦላሬውን በዚህ ጫፍ እበይዳለሁ። በዚያኛው ጫፍ ግን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ንቅንቅ ካለ ጠማማ ሆና ትቀራለች፣ ከእንግዲህ በር አይገጥምላትም።"

አንድ ሰው። አንገቴን አዙሬ ከጋራዡ ውጭ ያለውን መንገድ አያለሁ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው፣ ግን በሰፈራችን፣ በከኒሳ ቀሴ፣ ባጃጅ እንኳን አይታይም። ሱቆቹ በሙሉ ዝግ ናቸው። ከፈየራ ጋር የሚሠራው ጋሩማም አልመጣም።

"ሁሉም የአቶ ጂሩ ቀብር ሄደዋል" ይለኛል። "እኔ ከአኖ ከተማ ከመጣሁ ገና ሁለት ወሬ ነው፣ ሰውየውን አላውቃቸውም። እርስዎ ግን እንዴት ቀሩ? የሰፈሩ ሰው አይደሉም እንዴ?"

አልሰማሁም ነበር። እድር ውስጥ ብሆን ኖሮ ትናንት በሬ ይንኳኳ ነበር። ባሌ ጉደታ በሞተ በወሩ ስሜን ራሴ አሰረዝኩ፣ ምክንያቱም የእድሩ ጸሐፊ እህቱ ድርቤ ናት። እሷ በተቀመጠችበት አልቀመጥም አልኩ። ይኸው አራት ዓመት ሞላኝ።

የተጣላነው በዚችው ፔጆ ነው። የአባታቸው መኪና ነበረች። ድርቤ "የአባቴ ናትና እኔ ግቢ ትቁም" አለች፣ እኔ ቁልፉን ጨብጬ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ነድቻት ቢሆን እንኳን ጥሩ፣ መንዳት አልችልም። የነቀምት ዝናብ ላይ አቆምኳት። ሃያ ሰባት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው፣ ብረት እንዴት እንደሚዝግ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማታ በመስኮቴ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጠርጋት ስገባ ወለሏ ከእግሬ ስር እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። አፈርኩ። ፈየራን የፈለግኩት ያን ቀን ነው።

"ስልክዎን ይስጡኝ፣ እኔ እደውላለሁ" ይላል። ከሹራቤ ኪስ ያወጣዋል፣ የሚስጥር ቁጥሩን እነግረዋለሁ፣ ይከፍተዋል። ግራሶ በነካው ጣቱ እየገፋ ጮክ ብሎ ያነባል።

"ወተት። ቆጣሪ አንባቢ። ቧንቧ ሠራተኛ። የትምህርት ቤት ጥበቃ።" ቀና ብሎ ያየኛል። "አዴ ንጋት፣ እዚህ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?"

"ጥበቃውን ሞክረው።"

ይሞክረዋል። አያነሳም።

"ጉደታ የሚል አለ።"

"እሱን ተወው።"

"ቅርብ ከሆነ ይምጣልን።"

"ባሌ ነው። ሞቷል።"

ፈየራ ስልኩን ዝቅ ያደርጋል። በለሰለሰ ድምፅ፣ "ድርቤስ?" ይላል።

"እሷን እለፋት።"

"ከእሷ ሌላ የቀረ የለም።"

መኪናዋ እንደገና ቃ ትላለች። ክሪኩ ወርዷል፣ እኔም በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ነው የምጫነው። ወገቤ እሳት ሆኗል። የበሩ ቦታ ከጠዋቱ በሁለት ጣት ጠቧል።

"ማሎ፣ አዴ ንጋት" ይለኛል ፈየራ። ይለምነኛል፣ ያውም በእኔው ንብረት።

"እሺ፣ ደውልላት።"

ድምፁን ከፍቶ ወደ ጆሮዬ ያስጠጋልኛል። ይጠራል። ይነሳል። ከኋላ የብዙ ሰው መዝሙር ይሰማል።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?"

ቁጥሬን አጥፍታዋለች። እኔ የሞተውን እንኳን አላጠፋሁም።

"ንጋት ነኝ።"

ዘጋችው ብዬ አስባለሁ፣ ፈየራ ግን የስልኩን መስታወት አይቶ አልተዘጋም በሚል ዓይነት ራሱን ይነቀንቃል።

"ድርቤ፣ የአባትሽ መኪና ልትሰበር ነው። ጋራዥ ነኝ፣ በክሪክ ይዣታለሁ።" እዚህ ላይ ላቆም ነበር ያሰብኩት። "ብቻዬን አልቻልኩም።"

እጫናለሁ፣ ይወርዳል፣ እጫናለሁ። መዝሙሩ መሳሳት ይጀምራል። ቀጥሎ በጠጠር ላይ የሚፈጥን የጫማዋን ድምፅ እሰማለሁ፣ ቀጥሎ የሚያለከልክ ትንፋሿን፣ ከዚያ መዝሙሩ ጨርሶ ይጠፋል።

የትኛው ጋራዥ ውስጥ እንደሆንኩ ገና አልነገርኳትም።