በሩ ላይ የሚዞረው አዛዥ

ስክሪኑ ላይ መጋዘኑ እየነደደ ነበር። ማንም ቁልፍ ሳይነካ የእሳት አደጋ አዛዡ ምስል ሰዎቹን ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹን በጓሮ በኩል ላከና ራሱ ወደ በሩ ሮጠ። "ወይ ጉድ! ይሄማ ቁርጥ እኔን!" አለ ከልጁ ጋር የሚያየው አባት። ከእሳት አደጋ አዛዥነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በዚሁ ኮምፒውተር ስንቱን የምስል እሳት እያጠፋ አወሳሰኑን ለፕሮግራሙ ያስተማረው እሱ ነው፤ የሠራችው ደግሞ ልጁ። ምስሉ ግን ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆመ፣ ዞሮ ባዶውን ግቢ አየ፣ ከዚያ ገባ።

"ይቺን ስህተት ዛሬ አጠፋታለሁ፣" አለች ልጅቷ እንደማፈር ብላ። "ሁሌ በር ላይ ሲደርስ ይዞራል። ከየት እንዳመጣው እንጃ።"

"ከእኔማ አይደለም! እሳት ፊት ደርሼ ወደ ኋላ ልዞር? እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው። ምስሉ በሩ ላይ ሲዞር የአባቷም አንገት ሳይታወቀው አብሮ ዞረ፤ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ።

"ተይው፣ አታጥፊው፣" አለ ቀስ ብሎ። "ትንሽ ሆነሽ፣ ለሥራ ስወጣ በራችን ላይ ትቆሚ ነበር። ዞሬ አይቼሽ እጅሽን ካላውለበለብሽልኝ እግሬ አይሄድልኝም ነበር።"

ልጅቷ ስለ ራሷ አንዲት ቃል እንኳ ፕሮግራሙ ውስጥ አልጻፈችም። እንደገና አስጀመረችው። መጋዘኑ ነደደ፣ አዛዡ ሮጠ፣ በሩ ላይ ደርሶ ዞረ።

እሷም እጇን አነሳችና አውለበለበችለት።

ገባ።